አረንጓዴዋ መስመር ምን አጠፋች?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማቲስ «አረንጓዴው መስመር» ሥዕል ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው በሴትዮዋ ፊት መሐል የወረደችው መስመር «የባልና ሚስቱ ትዳር ለሁለት መከፈሉን ታሳያለች» ብለው ደመደሙ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም።

እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። ሴትዮዋ የሠዓሊው ሚስት አሜሊ ናት፣ የተሳለችው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። ሸራው ትንሽ ነው፤ ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። መስመሯ ከግንባሯ ተነስታ በአፍንጫዋ ላይ ቁልቁል ትወርዳለች፤ በዚህ በኩል ያለው ጉንጭ ቢጫ፣ በዚያ በኩል ያለው ሮዝ። የድሮ ሠዓሊ ቢሆን እዚያች ቦታ ላይ ቡናማ ጥላ ጣል አድርጎ አፍንጫዋን ያወጣላት ነበር፤ ማቲስ ግን ጥላውን በአረንጓዴ ቀለም ተካው፣ በቃ። ደግሞ እኮ በዚያው ዓመት አሜሊን ባርኔጣ አድርጋ የሳለበት ሌላው ሥዕል ፓሪስ ላይ ሲታይ ብዙ ሰው ስቆበታል። እሱንና ጓደኞቹን አንድ ሃያሲ «አውሬዎች» ያላቸውም ያኔ ነው። ተመልካቾቹ የተቆጡት በቀለሙ እንጂ በትዳሩ አልነበረም።

የእኛ ቤት መስኮት ፊት ለፊት የጎረቤት አረንጓዴ ቆርቆሮ አጥር አለ። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት፣ ባለቤቴ ቡና ልትቀዳ ጎንበስ ስትል አንድ ጉንጯ አረንጓዴ ይሆናል። አልተጣላንም።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ