በማጥቆር ብቻ ዓረፍተ ነገር አይለመድም

ውድ አዘጋጅ፣

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ጋዜጣችሁ መቶኛውን ይዞ ይወጣል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። እሺ፣ ቁጥሩን አወቅን። እኔ ቁጥሩ ስለማያሳየው ነገር ልጻፍ። እዚህ ደሴ ልጆቻችን የእንግሊዝኛ ሰዋስው የሚለማመዱት ከኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ አንዱን መርጠው ክቡን እያጠቆሩ ነው።

የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የሰፈር ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቤቴ ይመጣሉ። ከፎቶ ኮፒ ቤት የገዙትን ወርክሺት ይዘው ነው የሚመጡት። ቴንሱም (የግሱ ጊዜ)፣ ኮንዲሽናሉም («ብሆን ኖሮ» የሚባለው)፣ ፓሲቩም (ተገብሮው) በምርጫ ነው። ጎበዞች ናቸው፤ «ኢፍ አይ ዌር ዩ» ዓይተው አይሳሳቱም። ባዶ ወረቀት ሰጥቼ «ስለ ሰኞ ገበያ አምስት መስመር ጻፉ» ስላቸው ግን እስክሪብቶ ማኘክ ይጀምራሉ።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የጻፈችውን በእኛ ፊደል ልገልብጠው፦ «ማይ ማዘር ሺ ዌንት ቱ ዘ ማርኬት፣ ሺ ቦት በርበሬ፣ ኢት ዋዝ ኤክስፔንሲቭ፣ ሺ ሪተርንድ ሆም»። ግሶቹ በኃላፊ ጊዜ ናቸው፤ ስፔሊንጉም ደህና ነው። ግን «ማይ ማዘር» ካለች በኋላ «ሺ» ምን ይሠራል? ባለቤቱ ሁለቴ ተጠራ። አራት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች ደግሞ በኮማ ብቻ ተያይዘዋል። መጨረሻው ላይ ነጥብ የለም።

ልጅቷ ሰነፍ ሆና አይደለም። በአማርኛ «እናቴ ገበያ ሄዳ፣ በርበሬ ገዝታ ተመለሰች» ብትል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ሄዳ»ና «ገዝታ» ብቻቸውን አይቆሙም፤ መጨረሻ ላይ የመጣው ማሰሪያ አንቀጽ ሁሉንም ይሸከማቸዋል። በእንግሊዝኛ «ሺ ዌንት» ከተባለ ግን ራሱን ችሏል። ቀጥሎ ነጥብ ይፈልጋል፣ ወይም ሰሚኮለን፣ ወይም እንደ «ኤንድ» ያለ ማያያዣ። ኮማ ብቻውን አይችለውም። ይህንን የምርጫ ጥያቄ አያስለምዳትም። እዚያ ዓረፍተ ነገሩን ሌላ ሰው ጽፎ፣ ነጥቡንም አስቀምጦ ጨርሶላታል።

(በአማርኛውም ብዙ አንኩራራ። ቴሌግራም ላይ አራት ነጥብ የሚያስቀምጥ ወጣት ካገኛችሁ ንገሩኝ።)

መምህራኑን አልወቅስም። በተማሪ የታጨቀ ክፍል፣ ያውም አራት አምስት ክፍል ይዞ፣ የሁሉንም ጽሑፍ ማን ሊያርም ይችላል? ምርጫ ቶሎ ይታረማል። የመጨረሻውም ፈተና ምርጫ ነው። ልጆቹ ግን 9ኛ ክፍል ከገቡ ጀምሮ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ሪፖርት ጻፉ ይባላሉ። ኮምቦልቻ ወርደው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የቢሮ ሥራ ቢፈልጉ ማመልከቻ አለ። እዚያ የሚጠቆር ክብ የለም።

ሁሉንም ስህተት አርሞ መጨረስ የለብንም። እኔ በሳምንት አንድ ነገር ብቻ ነው የማየው። የሳምንቱ ሥራ ነጥብ ከሆነ ሌላውን አልነካም። ደብተር ተለዋውጠው ይተራረማሉ፤ የጓደኛን ስህተት ለማግኘት ልጆችን የሚያህል የለም። አንዳንዴ ከመማሪያ መጽሐፋቸው አንድ አንቀጽ እወስድና ነጥቡንም፣ ኮማውንም፣ ካፒታል ሌተሩንም አጥፍቼ እሰጣቸዋለሁ። ጮክ ብለው እያነበቡ ይመልሱታል። ሐሳቡ የት እንደሚያልቅ ጆሯቸው ይነግራቸዋል። ካፒታሉ ላይ ግን ይቸገራሉ፣ አይፈረድባቸውም፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። በስልክ በኤአይ አስጽፎ የሚመጣም አለ። እሱን እዚያው ፊቴ ቁጭ አድርጌ እንደገና አስጽፈዋለሁ።

የከተማችን ትምህርት መምሪያ በየመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ላይ አንድ አጭር አንቀጽ ቢያስጽፍና ከመቶው አሥር ማርክ ቢሰጠው ልጆቹ ነገ ጠዋት መጻፍ ይጀምራሉ። ማርክ የሌለውን ነገር ማን ያጠናል? ጋዜጣችሁም በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ውጤት ሲዘግብ መቶኛውን ብቻ ይዞ አይመለስ። ተፈታኞቹን አግኝቶ «በዚህ ዓመት በእንግሊዝኛ ስንት አንቀጽ ጻፋችሁ? ስንቱስ ታርሞ ተመለሰላችሁ?» ብሎ ይጠይቅልን።

አንድ ጡረተኛ መምህር
ከደሴ