መጀመሪያ የዶሮ ቤቱ ወለል ይታይ

ይድረስ ለበኩር ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለናንተ ይሁን። ስለ ዶሮ እርባታ በተወራ ቁጥር መኖ ተወደደ፣ ክትባት ዘገየ፣ እንቁላል ይሄን ያህል ገባ ነው ወሬው፣ እሱም ልክ ነው፣ ግን ዶሮዋ ቀንም ሌትም ስለምትቆምበት ወለል ሚያነሳ ሰው በጣም ጥቂት ነው፣ ለዛ ነው ልጽፍላችሁ የተነሳሁት። ያለሁት እንጅባራ ነው፣ የኛን ክረምት ምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም መሬቱ ውሃ እንደጠገበ ነው ሚከርመው።

የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ የ45 ቀን ጫጩት ወስዶ ማርባት የጀመረ ጎረቤት በዝቷል፣ ደስ ይላል። ሚያሳዝነው ግን ሰው ብሩን ሁሉ ቆርቆሮና መኖ ላይ ያወጣና ዶሮዎቹን ባዶ መሬት ላይ ይለቃቸዋል። ሐምሌ ሲገባ ክንፋቸውን ጥለው ይኮራመታሉ፣ ኩሳቸው ደም ይቀላቅላል፣ ከዛ በቃ በየቀኑ እያነሱ መቅበር ነው። ሁሉም ፈንግል ገባብን ይላል። ፈንግል ሌላ ነው፣ እሱ ቫይረስ ነው፣ መከላከያው ክትባት ነው። ይሄ ደም ሚያስቀምጠው ግን ብዙ ጊዜ ኮክሲዲዮሲስ ሚባለው ጥገኛ ተህዋስ ሚያመጣው የአንጀት በሽታ ነው፣ ከኩስ ጋር የወጣው የጥገኛ ተህዋሱ እንቁላል እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በ1 ወይ በ2 ቀን ውስጥ ሌላዋን ለማጥቃት ይደርሳል፣ ዶሮ ደሞ ስራዋ መጫር ነው፣ ጭራ ትለቅመዋለች። አምፕሮሊየም ሚባለውን መድኃኒቱን ሰጥታችሁ ቢድኑ እንኳ ወለሉ ያው እርጥብ ከሆነ ዞሮ ይመጣል።

ባዶ አፈር ርካሽ ነው፣ ግን ከስር ውሃ ይስባል፣ አይጥ ይቆፍረዋል፣ ሸለምጥማጥም ከስር ፈልፍሎ ይገባል። ወደ ደጀንና ቢቸና ያላችሁ ዋልካ አፈር ላይ ከሆናችሁ ደሞ ይብሳል፣ በክረምት ያብጣል በበጋ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ውስጥ የገባ ኩስና ተባይ በመጥረጊያ አይወጣም። ሲሚንቶ መግዛት ያልቻለ ሰው ቢያንስ ወለሉን ከውጪው መሬት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያድርገው፣ ከስር ድንጋይና ጠጠር ሞልቶ፣ አፈሩን በደንብ ጠቅጥቆ፣ በጭቃና በእበት ለቅልቆ፣ ወደ በሩ ትንሽ ዘንበል ያድርገው። የጣራውን ክፈፍ ደሞ ረዘም ያድርገው፣ ያለዛ ወፍ እንዳይገባ እያለ ሽቦ በወጠረበት በኩል ዝናቡ ይገባል።

አቅም ላለው ሲሚንቶ ጥሩ ነው፣ ይታጠባል፣ በኖራ ይቀባል፣ አይጥ አይቆፍረውም። ግን ባዶውን ቀዝቃዛ ነው፣ እንደኛ ያለ ብርዳም አገር ላይ ጉዝጓዝ ሳይደረግበት ጫጩት ማሳደር ግፍ ነው።

የኛ አገር ሀብት ግን ቀርከሃ ነው፣ አዊ ውስጥ ቀርከሃ እያለ ሰው ለምን በእርጥብ መሬት ዶሮ እንደሚጨርስ አይገባኝም! ከመሬት ከግማሽ እስከ 1 ሜትር ከፍ አድርጎ በባህር ዛፍ ቋሚ ላይ የተሰነጠቀ ቀርከሃ መደርደር ነው፣ ክፍተቱ ከ2 እስከ 2 ተኩል ሳንቲ ሜትር ቢሆን ኩሱ ይወድቃል እግሯ አያልፍም። ኩሱ ወዲያው ከእግሯ ስር ስለሚርቅ ኮክሲዲዮሲሱ በጣም ይቀንሳል። የተሰነጠቀውን ጠርዝ ማለስለስ የግድ ነው፣ ሽቦ ወለልንም እማልወደው ለዚሁ ነው፣ ከባድ ዶሮ ሽቦ ላይ ስትውል የእግሯ መዳፍ ይቆስልና ያብጣል፣ መራመድም መብላትም ትተዋለች። ሌሊት ደሞ ከስር ብርድ ይነፍሳል፣ ስለዚህ እኔ ምመክረው ግማሹን እንዲህ ያለ የቀርከሃ ርብራብ ግማሹን ጉዝጓዝ ያለበት ወለል ማድረግ ነው፣ ቆጡም የውሃ እቃውም በርብራቡ በኩል ይሁን፣ አብዛኛው ኩስ ቆጥ ስር ነው ሚወድቀው፣ ጉዝጓዙን ሚያበሰብሰው ደሞ ከጣራ ሚገባው ሳይሆን ከውሃ እቃው ሚፈሰው ነው ብዙ ጊዜ።

ጉዝጓዝ ላይ ደሞ ሰው ያገኘውን ይበትናል። አናጺ ቤት ከመላጊያ ሚወጣው ቅርፍት ቅርፍት ሚለው ሰጋቱራ ነው ጥሩው፣ ከመጋዝ ሚወጣው ዱቄት ግን ይቦናል፣ ሳንባቸውን ይጎዳል ጫጩትም ይበላዋል። የጤፍ ጭድ እርጥበት ሲነካው ይጋገራል፣ ደሞ ጭድ ለከብቱ ነው። የስንዴ ገለባ ከሆነ በአጭሩ መከተፍ አለበት፣ የሻገተ ከሆነ ጭራሽ አታስገቡት፣ ሻጋታው የዶሮ ሳንባ ውስጥ ይበቅላል። ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ይጠጋ፣ በየጊዜው ይገላበጥ። እፍኝ አንስታችሁ ጨብጡት፣ ስትለቁት ከተበተነ ደህና ነው፣ እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ ቀይሩት። ሽታውንም ቆማችሁ ሳይሆን በዶሮዋ ቁመት ጎንበስ ብላችሁ አሽትቱት፣ ከኩሱ ሚወጣው አሞኒያ ሚባል ጋዝ ዓይናችሁን ካቃጠለ እሷ ሌት ተቀን እሱ ውስጥ ነው ያለችው። በ1 ካሬ ሜትር ከ5 ወይ ከ6 ዶሮ በላይ ካጨቃችሁ ደሞ ምንም ጉዝጓዝ አይችለውም። የወጣውን ጉዝጓዝ አትጣሉት፣ ማዳበሪያ በዚህ ዋጋ እየተሸጠ እሱን መጣል ኃጢአት ነው፣ አብላልታችሁ ድንችና በቆሎ ላይ አድርጉት።

የወረዳ እንስሳት ባለሙያዎቻችንን ምለምናቸው ነገር አለ፣ ጫጩት ከመከፋፈሉ በፊት ቤት ለቤት ሄዳችሁ ወለሉን እዩልን፣ ስልጠናውም ከወለሉ ይጀምር። ባሏ የሞተባት እናት በብድር የገዛቻቸው 20 ጫጩት በ1 ክረምት ሲያልቁባት ዳግመኛ ዶሮ አትሞክርም፣ ብድሩ ግን ይቀራል። እናንተም የጋዜጣው ሰዎች አንዳሳ ያለው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ቅርባችሁ ነው፣ ባለሙያዎቹን ጠይቃችሁ ስለ ወለልና ስለ ጉዝጓዝ አንድ ሙሉ ገጽ ብትሰሩልን፣ በስዕል ቢሆን ደሞ ይመረጣል ማንበብ ለማይችሉትም ልጆቻቸው ያሳይዋቸዋል። ከግንቦት በፊት አውጡት እባካችሁ፣ ሰኔ ከገባ በኋላ ድንጋይ ማጓጓዝም ጭቃ ማድረቅም አይቻልም።

አንባቢያችሁ
ከእንጅባራ