ስለ አባባ፦ ለቤተሰባችን አባላት በሙሉ

ውድ የቤተሰባችን አባላት፣

አባባ ከተለዩን ወር ሊሞላን ነው። 91 ዓመት ኖረው ማረፋቸው ያጽናናል ይባላል፤ እኔን ግን ገና አላጽናናኝም። ከዕድሜያቸው ብዛት የማይሞቱ መስለውኝ ነበር መሰለኝ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። እኔ ዓይኔ ላይ የቀሩት ቤቱ በተቃጠለ ማግስት ነው። ከአመዱ ውስጥ ምስማር እየለቀሙ፣ የጎበጠውን ድንጋይ ላይ እያቀኑ፣ ጣሳ ውስጥ ሲያጠራቅሙ ዋሉ። እሳት የነካው ምስማር ይለሰልሳል፤ አንዱን ሦስቴ ያቃኑታል። ሲመሽ ጣሳውን ነቅነቅ አድርገው «ለበሩ ይበቃል» አሉ።

ያ በር ዛሬም አለ። ሲከፈት ይጮሃል። ዘይት ላድርግለት ያለውን ሁሉ ይቆጡ ነበር፤ «ማን እንደገባ በምን ልወቅ?» እያሉ። ቁጡ ነበሩ፣ እሱን አንደብቅ።

አሁን የምለምናችሁ፦ የእሳቸው ፎቶ ያላችሁ ከጀርባው ማን ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተነሣ በእርሳስ ጻፉበትና ቅጂውን ላኩልኝ። ድምፃቸውን በስልክ የቀዳችሁም እንዳታጠፉት። በተለይ ሳቃቸው ያለው ካለ። እኔ ጋ ያለው ሲያስሉ ብቻ ነው።