ቀብዱን ገና ካልከፈሉ

ሀዋሳ

ይድረስ ለውድ አባቴ ለጋሼ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ትልቁ የስድስተኛ ክፍል ፈተናውን ጨርሶ ቀኑን ሙሉ ኳስ ላይ ነው። ሚጡ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው "ጋሼ" ማለት ስላቃታት "ጋፌ" ትልዎታለች፤ ብናርማትም እምቢ ብላለች። ባለቤቴ ሰላም ብሎዎታል። ለእቴቴ ቡና ልኬያለሁ፤ ገና ያልተቆላ ነው፣ እሳቸው ሌላ ሰው የቆላውን አይወዱም።

በስልክ ያልነገርኩዎት ስለማያስጨርሱኝ ነው። "ሂሳብሽ ያልቃል" ብለው ይዘጉታል። ደብዳቤ አይዘጋም።

ስለ ቤቱ ነው። ወንድሜ "ጋሼ በርካሽ አገኙ" ብሎ ፎቶውን ልኮልኛል። እርስዎ ከዘራዎን ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል። ባንክ ለሚያበድረው ሰው የመያዣውን ቤት አይቶ መገመት ሥራዬ ነውና ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ወደ ግድግዳው ነው። ከላይ ያለው ክሬም ቀለም ደብዝዟል። ከታች እስከ ጉልበት ድረስ ግን አዲስ ቡናማ ተቀብቷል፤ ያውም በጥድፊያ፣ ቀለሙ በበሩ መቃን ላይ ሳይቀር ተንጠባጥቧል። ሊሸጥ ያለ ሰው የግድግዳውን ግማሽ ብቻ ሲቀባ ብዙውን ጊዜ የሚሸፍነው ውሃ የደረሰበትን ምልክት ነው። ከግድግዳው ቀጥሎ ያየሁትን ወደ ኋላ እጽፋለሁ።

አዳማ በኮረብታ የተከበበች ጎድጓዳ ከተማ መሆኗን፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከየተራራው እንደሚወርድባት ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። እዚህ ሀዋሳ ደግሞ ሐይቁ መውጫ ወንዝ ስለሌለው ጣጣው ከሥር ነው፤ ወደ ሐይቁ ቀረብ ያሉት ሰፈሮች ውስጥ መጸዳጃ ሲቆፈር ውሃ ቶሎ ይገኛል። እኔ እንኳ የሐይቅ ዳር ቤት ልገምት ስሄድ መጀመሪያ የምጠይቀው ጎረቤቱን ነው፣ ባለቤቱን አይደለም። እርስዎም በወንጂ መንገድ ያለውን ቤት ሊገዙ ካሰቡ ሐምሌ ገብቶ አንድ ደህና ዝናብ እስኪወርድ ይጠብቁ፤ በማግሥቱ ጠዋት ብቻዎን ሄደው ጎረቤቱን ያነጋግሩ። ደላላው አብሮዎት እንዳይሄድ። ውሃውስ ከየት ነው የሚቀዳው? የጉድጓድ ውሃ ከሆነ የወንጂን ሰው ጥርስ ያውቁታል፤ ፍሎራይዱ ነው እንደዚያ ያደረገው። በቦቴ የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ወጪው ከኪራዩ ላይ ይቀነሳል።

ደላላው "ካርታው እየወጣ ነው" ማለቱን ሰምቻለሁ። በሥራዬ ላይ ዓመታት ሙሉ "እየወጣ" የኖረ ካርታ አይቻለሁ። ቦታው የገበሬ ይዞታ የነበረ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ ነው። ሰውየው ሊሸጥልዎ የሚችለው ቤቱን ነው፣ የቆመበትን አፈር አይደለም። ደላሎች ውሉን በብድር መልክ የሚያስጽፉትም ለዚህ ነው፦ ባለ ይዞታው ከእርስዎ ይህን ያህል ብር ተበድሯል ይባላል፤ ቤቱ በወረቀቱ ላይ ስሙም አይነሳ። ነገ አፍራሽ ቢመጣ በእጅዎ ያለው የብድር ወረቀት ብቻ ነው። ይህ ካልሆነላቸው "ውክልና ይቀበሉና ስሙን በኋላ ያዛውራሉ" ይላሉ። ውክልና ሰጪው ሲሞት አብሮት ይቀራል። ወንድሜ እንዳለኝ ሻጩ ከእርስዎም የሚበልጡ ሽማግሌ ናቸው።

ዋጋውስ? ለ140 ካሬ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ርካሽ ይመስላል። እርስዎ ራስዎ እንደነገሩኝ በዚያ ሰፈር እንዲህ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት በወር 4,500 ብር ይከራያል። በዓመት 54,000 ነው። ቤቱ አንድ ወር እንኳ ባዶ ሳይውል፣ ቆርቆሮው ሳያፈስ፣ ገንዘብዎ የሚመለሰው በ33 ዓመት ነው። ያኔ 107 ዓመት ይሆንዎታል፤ ዕድሜዎን ያርዝምልን። ደላላ እንዲህ አያሰላም። የእሱ ሚዛን "የጎረቤቱ በ3 ሚሊዮን ተሸጠ" የሚል ወሬ ነው፤ ወሬውን ደግሞ የሚያጣራለት የለም፤ ግብር ለመቀነስ ሲባል በውል ላይ የሚጻፈው ሌላ፣ በእጅ የሚቆጠረው ሌላ ነውና። እውነት ነው፣ ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100ን ሲያልፍ ሲሚንቶውም ፌሮውም ተሰቅሏል። ሻጭ ሁሉ ዋጋ የሚጠራው ያንን እያሰበ ነው። የሚጠራውን ዋጋ አውጥቶ የሚከፍል ግን ጥቂት ነው፤ እኔ ዘንድ የሚመጡት ሰዎች ቤታቸውን ለወራት ለሽያጭ አቅርበው ገዢ ያጡ ናቸው። ጥሬ ገንዘብ የያዙት እርስዎ ነዎት። መቸኮል የነበረበት ሻጩ ነው።

እርስዎ ለምን እንደቸኮሉ አውቃለሁ። አያቴ ከመኖሪያቸው ሌላ የነበሯቸው የኪራይ ክፍሎች ሐምሌ 1967 በአዋጅ ሲወረሱ እርስዎ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበሩ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ሁሉ ወደ ቀበሌ ሲሄዱ፣ የአያቴ ተከራዮች በዚያው በር እየገቡና እየወጡ ኪራዩን ለሌላ ሲከፍሉ አይተዋል። ከምድር ባቡር ደመወዝዎ ላይ ያኔ ጀምሮ የሚቆጥቡት ለዚህ ነው። አልፈርድብዎትም።

በ1998 በገዛነው ቤት ግን እፈርድብዎታለሁ። እቴቴ ይህን ሲያነቡልዎ "ተዪው" ይላሉ። አልተወውም። የመጀመሪያ ሥራዬን ይዤ፣ ጫማ ሳልቀይር ያጠራቀምኩትን ደመወዜን በእጅዎ ሰጠሁ። ጣሪያውን የከደንኩት እኔ ነኝ። ካርታው ሲወጣ በወንድሜ ስም ወጣ። "ሴት ልጅ ባሏ ቤት አላት" አሉኝ፤ ያኔ እጮኛ እንኳ አልነበረኝም። እሱ ውጭ አገር ለመሄድ ሲሸጠው "ሻይ ጠጪበት" ያለኝ ሰው አልነበረም። የቆርቆሮው ደረሰኝ እስካሁን በመሳቢያዬ ውስጥ ነው። በደረሰኙ ላይ የእኔ ስም አለ፣ በካርታው ላይ የለም።

አሁን ደግሞ "ለልጆቼ ነው የምገዛው" ብለዋል አሉ። ለየትኞቹ ልጆችዎ? ውሉ በማን ስም ነው የሚጻፈው? ይህን መጠየቅ ነውር ከሆነ ነውሩን እኔ ልያዘው። ስሙ የእኔ ይሁን አላልኩም። የእቴቴ ስም ከእርስዎ ስም ጎን ይጻፍ ነው የምለው። የእቁባቸው ብር ውስጡ አለበት፤ እሳቸው ካልፈረሙበት እኔም እቃወማለሁ።

ከግድግዳው ቀጥሎ ያየሁት እግርዎን ነው። የቀኝ ጫማዎ ማሰሪያ ተፈቷል፤ ምላሱ ወደ ውጭ ተገልብጦ ካልሲው ቁርጭምጭሚትዎ ላይ ሥጋዎን ቆርጦ ገብቷል። ቀበቶዎ ደግሞ አዲስ ቀዳዳ ተበጅቶለታል፤ በሚስማር የተበሳ ይመስላል። ከላይ ከስተው ከታች አብጠዋል። ፎቶውን ካየሁ ወዲህ ስለ ቤቱ ማሰብ የምችለው ስለ እግርዎ ላለማሰብ ስል ነው።

ሐኪሙ ያልዎትን እቴቴ ነግረውኛል። አይቆጧቸው፣ እኔ ነኝ አስጨንቄ ያወጣጣኋቸው። ልብዎ ቀስ ብሎ ስለሚመታ ባትሪ ይተከልልዎ ብለዋል፤ እርስዎ ደግሞ "በዚህ ዕድሜዬ ለምን ብር አባክናለሁ፣ ቤት ላድርገውና ልለፍ" ብለዋል። ጋሼ፣ እኔ የወላጅ ቤት የሚካፈሉ ልጆችን በየሳምንቱ ቢሮዬ ውስጥ አያለሁ። ግምቱ ሲነገራቸው ፊታቸውን አያለሁ። እንደዚያ ሆኜ መቀመጥ አልፈልግም። የመሣሪያው ዋጋም እንደ ሲሚንቶው ከዶላሩ ጋር ነው የሚወጣው፤ ባዘገዩት ቁጥር ይብሳል። የጎደለውን እኔና ባለቤቴ እንሞላለን። ተነጋግረንበታል፣ አላስገደድኩትም።

ቀብዱን ገና ካልከፈሉ አይክፈሉ። ከከፈሉ ግን ደረሰኝ ወይም የተፈረመ ወረቀት መኖሩን ይንገሩኝ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ገዢ ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ ሻጭ ከተወ እጥፉን ይመልሳል። 20,000ም ሆነ 50,000 ብር ቢቀር ይቅር፤ ስለ እሱ እንዳያስቡ። ቅዳሜ በሞጆ በኩል እመጣለሁ። ማክሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ የልብ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አስይዣለሁ፤ በባዶ ሆድ ነው የሚቀርቡት፣ ያለፈውን የምርመራ ወረቀት ሁሉ እቴቴ በፌስታል ያዘጋጁት። ሰፊ ጫማ ገዝቼልዎታለሁ፣ ማሰሪያ የለውም።

ይህን ደብዳቤ ለወንድሜ አያሳዩት። ካሳዩት ደግሞ የደረሰኙን ነገር ዘለው እንዳያልፉት።

አክባሪ ልጅዎ