የጦርነት ዘመን የሩሲያ ሥዕሎችን ለሚገዙ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከ1941 እስከ 1945 (እ.ኤ.አ.) የሩሲያ እውነታዊ ሠዓሊዎች የሠሯቸውን ንድፎችና ኅትመቶች ለሚሰበስቡ አንባቢዎች ይህን ማሳሰብ እንወዳለን። ሠዓሊው አሌክሴይ ፓሆሞቭ በጀርመን ጦር በተከበበችው ሌኒንግራድ (የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) የጀመራቸው ሊቶግራፎች (በድንጋይ ላይ ተሥለው የሚታተሙ ሥዕሎች) በኋላ በብዛት ተባዝተዋል። ስለዚህ ስለ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ይመልከቱ። እኩል የተሰደሩ ነጠብጣቦች ከታዩ ቅጂ ነው፤ የድንጋይ ኅትመት ያልተስተካከለ፣ የጠመኔ ጭረት የሚመስል ቅንጣት አለው። ፊርማም ብቻውን አያሳምንም፤ ድንጋዩ ላይ የተፈረመው አብሮ ይታተማልና። በእርሳስ የተፈረመው ወረቀቱ ሲዘነበል ያብረቀርቃል።

ትልቁ ጠላት ወረቀቱ ራሱ ነው። የዚያን ዘመን ወረቀት አብዛኛው ከእንጨት ፍጭ ስለተሠራ አሲድ ያመነጫል፤ ቢጫ ይሆናል፤ ሲታጠፍ ይሰበራል። እባካችሁ በፕላስተር አትለጥፉት! ሙጫው ዘልቆ የማይለቅ ቡናማ እድፍ ይተዋል። ከአሲድ ነፃ በሆነ ካርቶን ላይ፣ በስንዴ ስታርች ሙጫና በቀጭን የጃፓን ወረቀት፣ ከላይኛው ጠርዝ ሁለት ቦታ ብቻ ይያዝ።

እንደ ሠዓሊው ዴሜንቲ ሽማሪኖቭ የ1942 ሥራዎች በከሰል የተሣለውን ደግሞ በፕላስቲክ መስታወት መሸፈን ጥፋት ነው፤ ፕላስቲኩ ሲወለወል በሚፈጠረው ኤሌክትሪክ የከሰሉን ብናኝ ከወረቀቱ ይስባል። እውነተኛ መስታወት ይሁን፤ ሥዕሉንም አይንካ። ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አይብለጥ።

ሁለት የኅትመት ሥዕል ሰብሳቢዎች