የድጋፍ ጥሪ፦ ለልጆቻችን አንድ ክፍል እንከራይ

ባለፈው ጥር፣ ሐሙስ ቀን ነው። ስምንት ልጆች አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከበው ቆመዋል። ጠርሙሱ ውስጥ እርሾ የገባበት የጤፍ ሊጥ አለ። አፉ ላይ ቀይ ፊኛ ታስሯል። ማክሰኞ ሲያስሩት ፊኛው ሟሽሾ ተንጠልጥሎ ነበር። ሐሙስ ሲመጡ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ማን ነፋው?» አለች አንዷ፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ማናችንም አልመለስንላትም። ዝም ያልነው ሆን ብለን ነው። ልጆቹ ተከራከሩ። አንዱ «ሊጡ ይተነፍሳል» አለ። ሌላው ሳቀበት። ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩት እማማ «ሊጡ ኩፍ አለ የምንለው እኮ ይሄንኑ ነው» አሉ። ከዚያማ ማን ያቁማቸው! አንዱን ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ፣ አንዱን ሂተር አጠገብ አስቀመጡ። የፊኛውን ወገብ በክር እየለኩ ጻፉ። እርሾውን በተዋስነው ማይክሮስኮፕ አዩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረም።

እኛ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው የምንኖር 11 ቤተሰቦች ነን። 23 ልጆች አሉን። ትንሹ 4 ዓመቱ ነው፣ ትልቋ 15። ልጆቻችንን ሆምስኩል እናደርጋለን፣ ማለትም ትምህርት ቤት ሳንልክ ራሳችን እናስተምራለን። በሌላው ቀን እያንዳንዱ ቤተሰብ በየቤቱ ነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ አንድ ላይ እንውላለን። እስካሁን የምንሰበሰበው በአንደኛው ቤተሰብ ቤዝመንት ነው። ያ ቤተሰብ በኦገስት መጨረሻ ቤቱን ሸጦ ወደ ሌላ ግዛት ይሄዳል። ልጆቹ መሰብሰቢያ ሊያጡ ነው። እንድትረዱን የምንለምናችሁ አንድ ክፍል ለአንድ ዓመት ለመከራየት ነው።

የእኔ ነገር የጀመረው በኮቪድ ጊዜ ነው። ልጄ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። ትምህርት ቤቱ ክፉ አልነበረም። መምህሩም ደግ ሰው ነበር። ግን ትምህርቱ በላፕቶፕ ሆነና ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ ሲማር በዓይኔ አየሁት። ማንበብ ዘግይቶበት ነበር። ተራው ሲደርስ ማይኩን ያጠፋል። አንድ ቀን በእንግሊዝኛ «እኔ ደደብ ነኝ» አለኝ። ያን ዕለት ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አወራን። እንቅልፍ አልወሰደንም። በሚቀጥለው ዓመት አልመለስነውም። ማንበብ የያዘው በ9 ዓመቱ ነው፣ የአባቱን መኪና መመሪያ መጽሐፍ ለማንበብ ሲታገል። አባቱ ኡበር ይነዳል። ልጁ «ይቺ መብራት ለምን በራች?» ብሎ ገጹን ፈልጎ አገኘው። ዛሬ እኔ ነኝ «በቃ አሁን መብራቱን አጥፋና ተኛ» የምለው።

በዚያ ሰሞን ይህን ያደረግነው እኛ ብቻ አልነበርንም። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ባደረገው ጥናት፣ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ካሏቸው ቤተሰቦች ውስጥ ሆምስኩል እናደርጋለን ያሉት በ2020 ጸደይ 5.4 በመቶ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት መኸር 11.1 በመቶ ደረሱ። በጥቁር ቤተሰቦች ዘንድ ደግሞ ከ3.3 ወደ 16.1 በመቶ አሻቀበ። እነዚያን ቁጥሮች ሳይ ከእኛ ሰፈርም ሰው ይኖራል ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሦስት ቤተሰብ ተገናኘን፣ በአንድ የልደት ግብዣ ላይ።

ብዙ ሰው «አንስኩሊንግ ነው ወይስ ሆምስኩል?» ይለናል። ሆምስኩል ማለት ትምህርቱን ወላጅ ይዞ በቤት ማስተማር ነው። መጽሐፍም ሰዓትም ሊኖረው ይችላል። አንስኩሊንግ የሚለውን ቃል በ1970ዎቹ ያስተዋወቀው ቦስተን የነበረ አንድ የቀድሞ አስተማሪ ነው። ሐሳቡ ልጅ ከጥያቄው ተነሥቶ ይማር ነው፤ ወላጅ መንገዱን ይጠርጋል፣ መጽሐፉን ያቀብላል፣ ሰው ያገናኛል። በእኛ ውስጥ ሁለቱም አለ። አብዛኞቻችን ጠዋት ጠዋት ሂሳብ እናሠራለን፣ በዚህ አንደራደርም። ሁለት ቤተሰቦች ግን ሂሳቡንም ለልጁ ጥያቄ ይተዉታል። እኔ አልስማማም። እንደዚያም ሆኖ አብረን እንሠራለን።

ሕጉንም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም «ይሄ ነገር ያሳስራችኋል» ያሉን አሉ። ሆምስኩል በ50ውም የአሜሪካ ግዛቶች የተፈቀደ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከመጀመርህ ቢያንስ 15 ቀን በፊት ለካውንቲው፣ ማለትም ለአካባቢው አስተዳደር ታሳውቃለህ። እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ትምህርት፣ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት ማስተማር ግዴታ ነው። ልጁ የሠራውን ሰብስበህ ፖርትፎሊዮ ትይዛለህ። ካውንቲው በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ያየዋል። ያ ቀይ ፊኛ ፎቶው ተነሥቶ በእኛ ፖርትፎሊዮ ውስጥ ሳይንስ በሚለው ስር አለ፣ የክሩ ልኬት ደግሞ ሂሳብ ስር። በየግዛቱ ሕጉ ይለያያል። ጀርመን ያላችሁ ዘመዶቻችን ግን እዚያ አይፈቀድምና ጠንቀቅ በሉ።

ካውንቲው ለእኛ ልጆች ዲፕሎማ አይሰጥም። ይህንንም አንደብቅም። ትልልቆቹ የጂኢዲ ፈተና (በሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ፈንታ የሚያገለግል ነው) ወይም የኮሚውኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ መንገድ ይዘው ነው የሚሄዱት። ወላጅ ያንን ቀደም ብሎ ማሰብ አለበት።

ከሁሉም የሚከብደኝ የታላላቆቻችን ጥያቄ ነው። «እኛ ለልጆች ትምህርት ብለን አይደል አገር ለቀን የመጣነው?» አንድ አባት እንዲህ ሲሉኝ እንባ ቀረሽ ሆንኩ። እውነታቸውን ነው። ትምህርት ቤት ለመሄድ ሁለት ሰዓት በእግር የተጓዘ ሰው፣ አውቶብስ በሩ ድረስ የሚመጣለት ልጅ ሲቀር ያመዋል። የመለስኩላቸው ይሄንን ነው። እርስዎ ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠሩት ስንት ዓመት ከሆናቸው ልጆች ጋር ነው? ከትንሽም ከትልቅም ጋር። ሀ ሁን የጨረሰ ወደ አቡጊዳ ያልፋል፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት። ያልጨረሰ እስኪጨርስ ይቆያል፣ ትልቁ ትንሹን ያስቀጽላል። ቁርኣን ቤት የተማሩት ወንድሞቻችንም ይህን ያውቁታል። አለንጋው ይቅርብን እንጂ ያ አቀማመጥ የእኛው ነው። እኚህ አባት አሁን በየሐሙሱ እየመጡ ልጆቹን ገበጣ ያጫውታሉ። ተሸንፈውም ያውቃሉ።

«ልጆቹ ከሰው አይለዩም?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ቀጥታ ወደ ክፍሉ ይወስደናል። አዎ፣ ቤት ውስጥ ብቻ ከዋሉ ይለያሉ። ሆምስኩል ለብቻ አይቻልም። እናት የማታ ሺፍት ገብታ፣ ጠዋት መጥታ ማስተማር አትችልም። እኛ የቻልነው እንደ እቁብ ስላደረግነው ነው። ተራ አለን። ነርሷ በተራዋ ስለ ልብና ስለ ደም ታስተምራለች፣ በበግ ልብ። ኤሌክትሪሺያኑ ሽቦና አምፖል ይዞ ይመጣል። እማማ ፊደል ያስቆጥራሉ። ተራ ያልደረሰው ወላጅ ሥራው ይሄዳል ወይም ይተኛል። መሰብሰቢያው ከጠፋ እቁቡ ፈረሰ ማለት ነው። ሦስት ቤተሰቦች «ያኔ እኛ አንችልም» ብለውናል።

ላይብረሪው ጥሩ ነው፣ እንጠቀምበታለን። ግን መጋዝና ሊጥ ይዘህ አትገባም። የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ያቀረቡልንም አሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከእኛ ውስጥ ግን ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ጴንጤ ቤተሰቦች አሉ። ሁሉም ልጅ የእኔ ነው የሚለው ቦታ እንፈልጋለን።

ያገኘነው ክፍል ከአንድ ሱቅ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ትልልቅ መስኮት፣ ማጠቢያና መጸዳጃ አለው። ኪራዩ በወር 1,450 ዶላር ነው፣ በዓመት 17,400። እያንዳንዱ ቤተሰብ በወር 75 ዶላር ያዋጣል፤ ያ በዓመት 9,900 ይሆናል። የሚጎድለው 7,500 ነው። ማስያዣ 1,450፣ የዓመት ኢንሹራንስ 900፣ ለመደርደሪያ፣ ለእንጨት ሥራ ጠረጴዛና ለራሳችን ማይክሮስኮፕ 1,150 ያስፈልገናል። ጠቅላላው 11,000 ዶላር ነው። እስካሁን 2,300 ተገኝቷል። የቀረው 8,700 ነው። አከራዩ እስከ ኦገስት 15 ይጠብቀናል።

ገንዘቡን የሚይዙት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ ወላጅ ናት፣ ሌላው ልጅ የሌለው የሂሳብ ባለሙያ ጎረቤታችን። ያለ ሁለቱ ፊርማ ምንም አይወጣም። በየሦስት ወሩ ሂሳቡን ለሰጠን ሁሉ እንልካለን፣ እንደ እድር። ክፍሉ ካልተሳካ ገንዘቡ ለየባለቤቱ ይመለሳል። እስካሁን እንደ በጎ አድራጎት ድርጅት አልተመዘገብንም። ስለዚህ የምትሰጡት ከታክስ አይቀነስላችሁም። ይህን አስቀድማችሁ እንድታውቁ እንወዳለን።

10 ዶላርም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው። የአንድ ወር ኪራይ እንሸፍን የምትሉ ጓደኛሞች ብትኖሩ ደግሞ ደስታችን ነው። ገንዘብ የሌላችሁ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ፣ የእጅ መሣሪያ፣ የልብስ ስፌት ማሽን ልትሰጡን ትችላላችሁ። ከሁሉም በላይ ግን ሰው እንፈልጋለን። በዚህ ከተማ አፓርታማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ይዘው የሚውሉ ስንት አስተማሪዎች፣ ስንት ባለሙያዎች አሉ? እናታችሁ ጥጥ መፍተል የሚችሉ ከሆነ፣ አባታችሁ ድሮ ካርታ ሠሪ ከነበሩ፣ ሐሙስ የሁለት ሰዓት ጊዜ ያውሱን። መጥተን እንወስዳቸዋለን፣ መልሰን እናደርሳቸዋለን።

ለመስጠት ይህን ጽሑፍ ያደረሳችሁን ሰው አናግሩት። ከእኛ አንዱ ነው፣ ወይም ከእኛ አንዱን ያውቃል። ከመስጠታችሁ በፊት ማየት የምትፈልጉም ኑ። ሐሙስ በአሜሪካ ሰዓት ጠዋት 10 ላይ ልጆቹ ሁሉ ይገባሉ። ከምሳ በኋላ ቡና ይፈላል። በዚህ ሳምንት የሚያፈላው የ12 ዓመቱ ልጅ ነው፣ ፍሬው በስንት ዲግሪ እንደሚቆላ ሲለካ ነው የሰነበተው።