የታሪክ ክበብ፦ ጋናና «ሆዎቹ»

የዘንድሮ ርዕሳችን የተገኘው በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ነው። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ጋናዎች ቀለማችንን ለምን ወሰዱ?» አለኝ። መልሱ ቀላል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ነፃ ሲወጡ የኢትዮጵያን አርንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አይተው ነው። ቀጥሎ የመጣው «ከዚያ በፊትስ ጋና ምን ነበረች?» የሚለው ግን ዓመቱን ሙሉ ይዞን ቆየ።

38ቱ አባላት በካርቶን ካርታ ሠሩ። ጋና አንድ ወጥ አልነበረችም፤ ከ1874 ጀምሮ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የሆነው የባሕሩ ዳርቻ፣ የአሻንቲ ምድር፣ የሰሜኑ ግዛትና ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጀርመን የተወሰደው የቶጎላንድ ምዕራባዊ ክፍል ናቸው። ካርታው ላይ ቶጎላንድ ቦታው በምሥራቅ በኩል ሆኖ ሳለ መጀመሪያ በምዕራብ በኩል ተለጥፎ ሁለት ሳምንት ሰነበተ። ያላየሁት እኔ ነኝ።

በሚኒ ሚዲያ ያቀረብነው ክርክር ስለ አሻንቲ ነበር። በ1954 የጠቅላይ ሚኒስትር ክዋሜ ንክሩማ መንግሥት ለገበሬው የሚከፈለውን የካካዎ ዋጋ ለ60 ፓውንድ (27 ኪሎ ገደማ) ጭነት 72 ሺሊንግ ብሎ ዝቅ አድርጎ ቆረጠ። በኩማሲ የተመሠረተው ብሔራዊ ነፃ አውጪ ንቅናቄ የገበሬውን ብሶት ይዞ ፌዴሬሽን ጠየቀ። በ1956ቱ ምርጫ ግን የንክሩማ ፓርቲ ከ104 መቀመጫ 71 አገኘ። ንክሩማን የማውቀው አዲስ አበባ፣ አፍሪካ ኅብረት ግቢ ከቆመው ሐውልቱ ብቻ ስለነበር፣ የአሻንቲ ገበሬ ሆና የተከራከረችው ልጅ እኔንም አስጨነቀችኝ።

ትልቁ ጭቅጭቅ ግን የተነሳው በቶጎላንድ ነው። ግንቦት 9 ቀን 1956 (በአውሮፓውያኑ) በተባበሩት መንግሥታት ክትትል ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ 58 በመቶው ከጎልድ ኮስት (ጋና ከነፃነት በፊት የምትጠራበት ስም ነው) ጋር መቀላቀልን መረጠ። በደቡብ ያሉት «ሆ» እና «ክፓንዱ» የተባሉ አካባቢዎች ግን አብላጫው ድምፃቸው «አንቀላቀልም» ነበር። ቆጠራው የግዛቱ በሙሉ ስለሆነ እነሱም አብረው ሄዱ።

ይህን በቃል ማስረዳት ሲያቅተኝ የዓመቱን ጉብኝት በድምፅ እንወስን አልኩ። የጠመኔው ካርቶን ኮሮጆ ሆነ። ብሔራዊ ሙዚየም 22፣ እንጦጦ 16። መቶኛው ሲሰላ 58 ወጣ፤ አጭበርብረሃል ተባልኩ፤ አላጭበረበርኩም። ከ14ቱ የ9ኛ ክፍል አባላት 12ቱ እንጦጦን ነበር የመረጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሳቸውን «ሆዎች» ብለው ጠሩ፤ ስብሰባ ሲገቡም «ሆ!» ማለት ልማዳቸው ሆነ። ክበቡ የቡሄ ጭፈራ መሰለ።

ሙዚየሙን አየን፤ ሆዎቹም ሳይቀሩ መጡ። በሰኔ የመጨረሻ ስብሰባ ላይ ለከርሞ ርዕስ ያቀረቡት እነሱ ናቸው፦ በ1961 በእንግሊዝ ሥር የነበረው የካሜሩን ክፍል ድምፅ ሲሰጥ ሰሜኑና ደቡቡ ለየብቻ ተቆጠሩ፤ ሰሜኑ ወደ ናይጄሪያ፣ ደቡቡ ወደ ካሜሩን ሄደ። ሐሳቡ ያለ ተቃውሞ አለፈ። የሚቀጥለው ጉብኝት ድምፅ እንዴት እንደሚቆጠር ግን ገና አልተስማማንም።